የኢስታንቡልን ቫፑር ተሳፈሩ

ኢስታንቡል ደርሶ የተመለሰ ሰው ሐጊያ ሶፊያን፣ ሰማያዊውን መስጊድ፣ የቶፕካፒን ቤተ መንግሥትና ታላቁን ገበያ ቆጥሮ አይጠግብም። ለንግድ የሄደው ደግሞ የላሌሊን የልብስ መደብሮች ከነዋጋቸው ይዘረዝራል። ስለ እነዚህ ብዙ ተብሏል። እኔ የማስተዋውቃችሁ ሁሉም እያያት የሚያልፋትን ነጭ የመንገደኛ መርከብ ነው፤ ከተሜው ቫፑር ይላታል።

መሳፈሩ ቀላል ነው። ለሜትሮና ለትራም የሚያገለግለው የኢስታንቡል ካርት ለቫፑርም ይሠራል፤ በሩ ላይ አስነክቶ መግባት ነው። በአውሮፓ በኩል ከኤሚኖኑ፣ ከካራኮይ ወይም ከቤሺክታሽ ትነሣላችሁ፤ በእስያ በኩል ኡስኩዳር ወይም ካዲኮይ ትወርዳላችሁ። ከኤሚኖኑ ካዲኮይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው።

ታሪኳ ረጅም ነው። ሽርኬት ሃይሪዬ የተባለው የቫፑር ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በ1872 ሥራ የጀመረችው ሱሁሌት የተባለች ቫፑር ሠረገላ በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሆና የተሠራች ስለነበረች፣ ወደብ ላይ መዞር አያስፈልጋትም ነበር። የመጀመሪያው የቦስፎረስ ድልድይ በ1973፣ ማርማራይ የተባለው የባቡር ዋሻ ደግሞ በ2013 ቢከፈቱም ቫፑር ሥራዋን አልተወችም። በ1952 ጣሊያን ውስጥ የተሠራችው ፓሻባህቼ የተባለች ቫፑርም ታድሳ በ2022 ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ብዙ ጎብኚ ቫፑር የምታቋርጠውን ቦስፎረስን ወንዝ ይለዋል፤ አስጎብኚ ነኝ ባይም ሲል ሰምቼ ተናድጃለሁ። ቦስፎረስ ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር የሚያገናኝ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሰርጥ ነው። በጣም የሚጠብበት ቦታ ስፋቱ ሰባት መቶ ሜትር ግድም ስለሆነ ወንዝ ቢመስል አይገርምም። ግን በአንድ ጊዜ ሽቅብም ቁልቁልም የሚሄድ ወንዝ የት አለ? የቦስፎረስ የላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ይወርዳል። የታችኛው ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሰሜን ይጓዛል።

ምክንያቱ ጨው ነው። እነ ዳኑብና ድኒፐርን የመሰሉ ታላላቅ ወንዞች ጥቁር ባሕር ስለሚገቡ ውሃው ጨዉ ያነሰ፣ ከፍታውም በጥቂቱ የበለጠ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ከላይ ይፈስሳል። ከሜዲትራኒያን የሚመጣው ጨው የበዛበት ውሃ ግን ይከብዳል፤ ብርጭቆ ውስጥ ማር ከሥር እንደሚረጋ ሁሉ እሱም ወደ ታች ወርዶ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል።

ይህን የከተማዋ ዓሣ አጥማጆች ከሳይንስ ቀድመው ያውቁት ነበር። ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ የተባለ ጣሊያናዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1679 ወደ ከተማዋ መጥቶ ወሬውን ሰማና ሊያጣራው ተነሣ። ነጭ የተቀቡ የቡሽ ቁራጮችን ገመድ ላይ አስሮ፣ ጫፉን በክብደት አስጠምቆ ወደ ባሕሩ ለቀቀው። የላይኞቹ ቡሾች ወደ ማርማራ ሲነዱ፣ ጠለቅ ያሉት ወደ ጥቁር ባሕር ሄዱ። በዚህም አልረካም። አንድ ሣጥን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን ጨውና ቀለም የተጨመረበት ውሃ፣ በሌላው ቀለል ያለ ውሃ ሞላ፤ የመሃሉን ግድግዳ ከላይና ከታች ሲበሳው ውሃዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ተላለፉ። ግኝቱን በ1681 ሮም ላይ አሳተመው። ዛሬ የውቅያኖስ ሳይንስ ታሪክ ሲነገር የዚህ ወጣት ስም ይነሣል፤ ዓሣ አጥማጆቹን ግን ማንም በስም አያነሣቸውም።

ታዲያ ቫፑር ላይ ስትቀመጡ ይህን አስቡ። ካፒቴኑ የመርከቧን ፊት በቀጥታ ወደ ማዶው ወደብ ላያዞር ይችላል፤ ውሃው ወደ ደቡብ እንደሚገፋው ስለሚያውቅ ወደ ሰሜን ዘንበል አድርጎ ይነዳታል። የፍሰቱን ጉልበት በዓይናችሁ ማየት ካሻችሁ አርናቩትኮይ አጠገብ ወዳለው አክንቱቡርኑ ሂዱ፤ ውሃው እዚያ ዳርቻውን እየታከከ ሲነጉድ ቆማችሁ ታያላችሁ።

አንዳንድ ጎብኚዎችን ግን ልገሥጽ። ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ መንገዱን ሁሉ ፊታችሁን አትቅረጹ። ቫፑሯ ሳትጠጋ መውጫው ላይ አትጋፉ፤ ከሥራ የሚመለስ ሰው መንገዱን ይፈልገዋል። ደግሞም እስያን ረገጥኩ ለማለት ብቻ ካዲኮይ ወርዶ በዚያው መመለስ ምን ይሉታል? የዓሣውን ገበያ ዞር ዞር በሉ፤ ምሳም ብሉ። በትንንሽ ብርጭቆ የሚቀርበውን ሻይ ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ወንበር ላይ ሆናችሁ ጠጡ፤ በክረምትም ቢሆን።

ቀን ያላችሁ ከኤሚኖኑ ተነሥታ እስከ አናዶሉ ካቫይ የምትዘልቀውን ያዙ፤ አብዛኛውን ሰርጥ ታያላችሁ፤ መህመድ ሁለተኛ ቁስጥንጥንያን ከመያዙ በፊት በ1452 ያስገነባውንም የሩሜሊ ምሽግ ታልፋላችሁ። ሻንጣችሁን ላሌሊ ላይ የሞላችሁ ነጋዴዎችም፣ በረራ ለመቀየር ብቻ የምታርፉም፣ አንድ ከሰዓት ካላችሁ ከሌላው ጉብኝት ቀንሱና ቫፑር ተሳፈሩ።