ብስክሌትና ክረምት

በሊቃውንት አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። በመቀሌ ግን ዝናሙ ኃይሉን የሚያሳየው በሐምሌና በነሐሴ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። እንግዲህ ከሓድነት ተነሥቶ በብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ጧት በደረቅ መንገድ ሄዶ ማታ በጎርፍ መካከል ይመለሳል።

ይህን ድካም ሁሉም ለጨዋታ የመረጠው አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ሰኔ በኋላ ነዳጅ በትግራይ በጠፋ ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ ብዙው የመቀሌ ሠራተኛ በእግሩና በብስክሌት ነበር ወደ ሥራው የሚደርሰው። ከተማይቱም ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው።

ዳሩ ግን ዝናም ለባለሙያም አይራራም። እርጥብ የድንጋይ ንጣፍ ያንሸራትታል፤ ቸርኬውን የሚጨብጠው ፍሬንም ውኃ ሲነካው ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ ከመታጠፊያው ራቅ ብሎ አስቀድሞ መያዝ ያሻል። ካቴናውን ማታውኑ አድርቀው ዘይት ካልቀቡት ይዝጋል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌትማ ጭቃውን በነጂው ጀርባ ላይ ይጽፈዋል፤ ነጭ ነጠላ የሚለብስ ሰው ይህን ልብ ይሏል።

የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ለብስክሌት አንድ የቆርቆሮ ጥላ ቢያቆሙ፣ ረጥቦ ለገባውም ሠራተኛ ልብስ የሚለውጥበት ጥግ ቢሰጡት፣ ወጪው እጅግ አይከብድም። ባለ መኪኖችም ውኃ ካቆረበት ስፍራ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ፤ በዳር የሚጓዘው ሰው ከውኃው በታች ያለውን ጕድጓድ ማየት አይችልምና።