ስለ ምግብ አሰርና ስለ ጥቅሙ

ሰው ከሚመገበው እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ አልፎ እስከ ትልቁ አንጀት የሚደርሰውን፣ ሐኪሞች ፋይበር ወይም አሰር የሚሉትን ክፍል፣ የቀደመው ዘመን የሥነ ምግብ ሊቃውንት ሥጋን የማይገነባ ትርፍ ነገር ነው ብለው ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ኖረዋል፤ የዱቄት ፋብሪካዎችም ይህንኑ ፍርድ ተከትለው ፉርሽካውን ለከብት፣ ነጩን ዱቄት ለሰው አደላደሉ። 100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት 11 ግራም ያህል አሰር ሲኖረው ነጩ ከ3 ግራም እምብዛም ስለማያልፍ፣ በዚህ ክፍፍል ከብቱ የተሻለውን ድርሻ ሳያገኝ አልቀረም።

ይህን የተናቀ ነገር ወደ ክብሩ ከመለሱት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው፣ በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ያገለገለው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ዘወትር የሚታዩት የሆድ ድርቀት፣ የትርፍ አንጀት ሕመምና የትልቁ አንጀት ነቀርሳ በአፍሪቃ ገበሬዎች ዘንድ ብርቅ መሆናቸው አስደንቆት፣ ስለ ዓይነ ምድር በጉባኤ መናገር ነውር በሚመስልበት ጊዜ እርሱ ያለ ኀፍረት ያስመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የኡጋንዳ መንደርተኞች የበሉት ምግብ በአንድ ቀን ተኩል ግድም ሲወጣ፣ በእንግሊዝ ተማሪዎች ሆድ ውስጥ ግን ሦስት ቀን ያህል እንደሚቆይ አስታወቀ። በእርግጥ ሁለቱ ሕዝቦች በሥራም በኑሮም ስለሚለያዩ ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ሆኖም የኒውዚላንድ ሊቃውንት 185 የክትትል ጥናቶችንና 58 የሕክምና ሙከራዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ አሰር አብዝተው የሚመገቡ ሰዎች ጥቂት ከሚመገቡት ይልቅ በልብ ሕማም፣ በስትሮክ፣ በስኳር በሽታና በትልቁ አንጀት ነቀርሳ የመጠቃት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ተልባ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር እንደሚዝለገለግ ሁሉ፣ የገብስ፣ የአጃና የጥራጥሬ አሰር ከፊሉ በአንጀት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይዝለገለጋል፤ በዚህም ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ሐሞትንም ይዞ ስለሚወጣ ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ሲል ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። በውሃ የማይሟሟው፣ ፉርሽካን የመሰለው ደግሞ እዳሪን አብዝቶና አለስልሶ መንገዱን ያቀናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፣ በትልቁ አንጀት የሚኖሩ፣ ለዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ባክቴሪያዎች ከአሰሩ ከፊሉን አብላልተው ቡቲሬት የተባለውን አሲድ ማውጣታቸውና የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት በዚሁ መመገባቸው ነው፤ ሰው ራሱ ሊፈጨው ያልቻለውን ሌሎች ፍጥረታት ፈጭተው መልሰው ይመግቡታል።

የአበው ማዕድ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነበር። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ሽፋኑ ተለይቶ ሊወጣ ስለማይችል ከነሙሉ አካሉ ይፈጫል፤ ገብሱ በቆሎና በበሶ፣ ምስሩና ሽምብራው በወጥና በሽሮ ይቀርባል፤ ጾመኛውም በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ከጥራጥሬ ሳይለይ ሰንብቶ በጸሎተ ሐሙስ ከባቄላና ከስንዴ የተቀቀለ ጉልባን ይቀምሳል። ዛሬ የከተማው ሰው ይህን ሁሉ በነጭ ዳቦ፣ በፓስታና በሩዝ ሲለውጠው ማየት ያሳዝናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲደርሰው መክሯል። 100 ግራም የበሰለ ምስር ብቻውን 8 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ምስሩን በጤፍ እንጀራ ለሚበላ፣ ጎመን ለሚጨምር፣ ከሰዓት በኋላም ቆሎ ለሚቆረጥም ሰው ይህ መጠን ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ሆድ ያልለመደውን በአንድ ጊዜ ማብዛት መነፋትንና ቁርጠትን ስለሚያመጣ፣ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ውሃም አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል፤ አንጀቱ የጠበበ ወይም የታመመ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በፋርማሲ የሚሸጠው የታሸገ የአሰር ዱቄት ለታዘዘለት ድውይ ይጠቅማል፤ ለጤነኛ ሰው ግን በእኔ አስተያየት ከንቱ ወጪ ነው። አንባቢዎች ሆይ፣ ለዳቦ የሚሆነውን ስንዴ ወደ ወፍጮ ቤት ስትልኩ ከነፉርሽካው አስፈጩ፤ ዱቄቱም ሳይነፋ ይቦካ።