ማስቲሹ ከመከፈቱ በፊት

ልጅዎ ለልደቱ «ዋርሃመር» የሚል ሳጥን ከተሰጠው፣ ሲከፈት የሚወጣውን ልንገርዎት፦ በግራጫ ፕላስቲክ ፍሬም ላይ የተያያዘ ብዙ ቁርጥራጭና ሥዕል የበዛበት መመሪያ። ማስቲሹ፣ ቀለሙ፣ መቁረጫው ለብቻው ይገዛል። እኛ ቤት የገባው «ኢምፔሪያል ናይት» ነው፤ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ ግዙፍ ማሽን። ዋጋውን ስሰማ «በዚህ ብር እኮ ግማሽ በግ ይገዛል» አልኩ።

ጨዋታውን የሚያወጣው ጌምስ ዎርክሾፕ በ1975 እንግሊዝ አገር የተቋቋመ ድርጅት ነው። ዋርሃመር በ1983፣ የእኛ ናይት ያለበት «ዋርሃመር 40,000» ደግሞ በ1987 ወጣ። ሠራዊትዎን ራስዎ ገጣጥመው፣ ቀለም ቀብተው፣ ጠረጴዛ ላይ በሜትርና በዳይ ይጫወቱታል። እውነቱን ለመናገር፣ ጦርነት የሸሸ ሰው ለልጁ የጦርነት መጫወቻ መግዛት አይጥመውም፤ እኔንም አልጣመኝም። ግን የ13 ዓመት ልጅ ስልኩን አስቀምጦ አጠገብዎ ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ፣ ትንሽ ያስባሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት የእኔ ነበር። የቤት ዕቃ በየሳምንቱ የምገጣጥም ሰው ስለሆንኩ «ይሄማ ቀላል ነው» ብዬ በቁጥሩ ቅደም ተከተል እያጣበቅኩ ሄድኩ። የናይቱ እግር ግን ወንበር አይደለም። ጣቶቹ ለየብቻ ናቸው፣ ከኋላ ፒስቶኖች አሉ፣ ሁለቱም እግሮች ወገቡ ላይ እኩል መድረስ አለባቸው። ግራው ቁርጭምጭሚት ትንሽ ዘንበል ብሎ ደረቀ። ቀኙን ስናመጣ አልገጥም አለ። ልጄ «ዳዲ፣ it's ruined» ብሎ ክፍሉ ገባ።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለብዎት የማስቲሹን ጠባይ ነው። የፕላስቲክ ማስቲሽ እንደ ሱፐር ግሉ ሁለት ነገር መሐል ገብቶ አይዝም፤ የሁለቱን ፊት አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊነቀል ይችላል። ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያ የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ በቀጭን መጋዝ ቁርጭምጭሚቱን ቆረጥን። ልጁን ከክፍሉ ያወጣሁትም «ና ያዝልኝ» ብዬ ነው።

በሁለተኛው ዙር ማስቲሹን ሳንከፍት እግሮቹን በሙሉ በፕላስተር እያያዝን አቆምናቸው። ወገቡ ከገጠመ በኋላ ብቻ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ቀባን፤ ብዙ ከሆነ ይፈስና ቅርጹን ያበላሻል። መስኮት መክፈት አይርሱ፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ከፍሬሙ ሲቆርጡም ሁለት ጊዜ ይቁረጡ፦ መጀመሪያ ራቅ ብለው፣ ቀጥሎ ጠጋ ብለው። በአንዴ ጠጋ ብሎ የቆረጠ ሰው ዕቃውን ይቦጭቀዋል። የቀረችውን ቁጥቋጦ የእናቱ የጥፍር ሞረድ ጨረሳት (አልነገርናትም)። ምላጩን ግን ሁሌም እኔ ነበርኩ የምይዘው።

ትከሻውን የሚሸፍኑትን ጥሩሮች እስካሁን አላጣበቅናቸውም። ከተጣበቁ ከሥር ያለው ማሽን በብሩሽ አይደረስበትም፤ ለየብቻ ተቀብተው በመጨረሻ ይገባሉ። የመጀመሪያውን ቀለም በስፕሬይ ለመንፋት የዳላስን ሐምሌ ቀትር አይምረጡ። ቀለሙ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና አሸዋ ይመስላል። ጠዋት በማለዳ ጋራዥ በር ላይ ይሻላል። ጣሳውንም መኪና ውስጥ ትተው አይግቡ፣ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።

ከተቸገሩ ግሬፕቫይን «ዋርሃመር ሲታዴል» የሚባል ትልቅ ሱቅ አለ፤ የድርጅቱ የራሱ ነው፣ መጫወቻ ጠረጴዛም አለው። የዋርሃመር ሱቅ ሠራተኞች ለጀማሪ ማሳየት ሥራቸው ስለሆነ ለመጠየቅ አይፈሩ።

የእኛ ናይት አሁን ቆሟል። ግራ እግሩ ከተቆረጠበት ቦታ ትንሽ ስላጠረ ከግቢ ጠጠር አምጥተን ከሥሩ አደረግንለት፤ ድንጋይ የረገጠ ይመስላል። ልጄ ለአያቱ በቪዲዮ ሲያሳያት «ቁርጭምጭሚቱን ዳዲ ሰበረው» አላት፣ በአማርኛ። ቃሉን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችኝ።