ዳገት ላይ የቆመን መኪና ምን ይይዘዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዊንጌት ላይ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰሜን የሚገቡ የሰፈር መንገዶች የእንጦጦን ግርጌ ይዘው ሽቅብ ይሄዳሉ። መሀል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1946 እ.ኤ.አ. ከተከፈተውና ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ከሆነው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ እስካሁንም ተማሪ በእግሩ የሚመላለስበት ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መኪና ማቆም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አስር ሜትር ተሄዶ አንድ ሜትር ከፍ የሚል መንገድ እናስብ። እዚያ ላይ የቆመን 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና ቁልቁል የሚስበው ኃይል 120 ኪሎ ግራም ሸክም ያህላል፤ ቀንም ሌሊትም አያርፍም። የያዘው ነገር ከለቀቀው 50 ሜትር ሲንከባለል ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሞተሩ ስለማይጮህ መንገደኛ ዞር ብሎ የሚያይበት ምክንያት እንኳ የለውም።

በብዙ መኪኖች የእጅ ፍሬን ሲሳብ፣ ከወለሉ ሥር ያለ የብረት ካቦ ተወጥሮ የኋላ ጎማዎችን የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ካቦ ይረግባል፣ ሸራም ያልቃል። ድሮ ትንሽ ሲሳብ ይይዝ የነበረው ማንሻ እስከ ላይ ካልተነሳ አልይዝ ካለ ጋራዥ መግባት አለበት። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ የቆመ መኪና ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ ፍሬኑ የያዛቸው የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። ክረምት ላይ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ፣ የተያዘ ጎማ ሳይዞር እንዲሁ ሊንሸራተት የሚችለው ለዚህ ነው።

ማርሽ የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው። ሞተር ጠፍቶ ማርሽ ከገባ፣ ጎማው ለመዞር ፒስተኖቹን መግፋት ይኖርበታል፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ይገታዋል። አፍንጫው ወደ ዳገቱ ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ የኋላ ማርሽ ይገባል። የታመቀው አየር ግን ቀስ እያለ ስለሚያመልጥ፣ በማርሽ ብቻ የቆመ መኪና እያደር ትንሽ ትንሽ ይፈቀቃል። እዚህ ላይ የመኪናው ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ቪትዝን የሚጎትቱት የፊት ጎማዎቹ ስለሆኑ ማርሹ የፊቱን፣ የእጅ ፍሬኑ የኋላውን ይይዛል። ሰማያዊ በነጩ ሃያስ ሚኒባስና ላዳ ግን የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው፤ ማርሹም ፍሬኑም እዚያው ላይ ተደርበው የፊት ጎማዎቹ ነፃ ይቀራሉ። የሚኒባስ አንድ የኋላ ጎማ ፈንድቶ በክሪክ ሲነሳ ደግሞ ማርሹ ከነጭራሹ አይይዝም፤ ዲፈረንሻሉ በአየር ላይ ያለውን ጎማ እንዲዞር ይፈቅድለታል።

አውቶማቲክ መኪና «ፒ» ላይ ሲገባ የሚይዘው ካምቢዮ ውስጥ ያለ አንድ የብረት ጥርስ ነው፤ መኪናው መጀመሪያ በእጅ ፍሬን መያዝ አለበት፣ ጥርሱ ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከም። ማርሹ በእርግጥ «ፒ» ላይ መግባቱንም ማየት ያስፈልጋል። በጁን 2016 እ.ኤ.አ. ወጣቱ የፊልም ተዋናይ አንተን የልቺን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቤቱ መግቢያ ዳገት ላይ በገዛ ጂፑ ተገፍቶ ሞተ። አምራቹ ያን ዓይነት የማርሽ ዘንግ ያላቸውን 1.1 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለማስተካከል ጥሪ ያደረገው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ ዘንጉ «ፒ» ላይ መግባት አለመግባቱን በቀላሉ አያሳውቅም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ከተማው ውስጥ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ የሚታመቅ አየር የላቸውም፤ ተስፋቸው «ፒ»ና የእጅ ፍሬኑ ነው፣ በባትሪያቸውም ከባድ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሪው ነው፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ሾፌር ግን ጎማውን ቀጥ እንዳለ ትቶት ይወርዳል። ፍሬንና ማርሽ መኪናው እንዳይሄድ ይይዛሉ፤ የጎማው አቅጣጫ ከሄደ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። በቀኝ ዳር ቆመን አፍንጫችን ወደ ታች ከሆነ ጎማውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጠርዙ እናዞራለን። ወደ ላይ ከሆነና ከፍ ያለ ጠርዝ ካለ ወደ ግራ አዙረን፣ የጎማው ጀርባ ጠርዙን ተደግፎ እስኪቆም በቀስታ ወደ ኋላ እንለቀዋለን። ጠርዝ በሌለው የውስጥ መንገድ ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ወደ ቀኝ ነው፤ መኪናው ቢያመልጥ መሀል መንገዱን ትቶ ወደ ዳር ይወጣል። በዳገቶቿ የታወቀችው የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ይህን በሕግ ታስገድዳለች፤ ግዴታው የሚጀምረው ከ3 በመቶ በላይ ካዘነበለ መንገድ ነው። 3 በመቶ በዓይን ሲታይ ደልዳላ ይመስላል። በዚህ ልክ ከሄድን ሽቅብ ከሚወጡት የዊንጌት የውስጥ መንገዶች የማይገባው ጥቂት ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። የእግር ፍሬን እንደተረገጠ መሪው ይዞራል፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ ማርሹ ዜሮ ይደረጋል፤ ከዚያ እግር ቀስ ብሎ ይነሳል። መኪናው ንቅንቅ ካላለ የእጅ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው፤ ማርሽ ገብቶ ሞተር የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው።

የሚኒባስና የአይሱዙ ረዳቶች በዚህ ሁሉ ላይ ታኮ፣ ማለትም ጎማ ሥር የሚገባ ድንጋይ፣ ይጨምራሉ፤ ትክክል ናቸው፣ በታኮ የሚያፍር የቤት መኪና ነጂም ከእነሱ ቢማር መልካም ነው። ድንጋዩ በቁልቁለቱ በኩል ከጎማው ጋር ተጣብቆ መግባት አለበት፤ ክፍተት ካለ መኪናው ፍጥነት ይዞ ይዘለዋል። ክብ ድንጋይ አብሮ ይንከባለላል፣ ጭቃ ላይ የተቀመጠም ይንሸራተታል። ሲነሳ ሾፌሩ መኪናውን ትንሽ ወደ ላይ ያስጠጋል፣ ረዳቱም ከጎማው ጎን ሆኖ ይጎትተዋል እንጂ ከመኪናው ኋላ አይገባም። ብዙ ጊዜ ግን መኪናው ሄዶ ድንጋዩ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማታ በሞተር ሳይክል ለሚመጣ ሰው ይህ ወጥመድ ነው። ስለዚህ ከወፍራም እንጨት የተቆረጠ ሽብልቅ የዕቃ መጫኛው ውስጥ መያዝ ይሻላል፤ የራሱን ሽብልቅ መንገድ ላይ ትቶ የሚሄድ ሾፌር የለም።