ከሰፈር ክሊኒክ የሚነሳ ምርምር

ኔዘርላንድ የሚኖሩ ሐበሾች ስለ ሕክምና ሲጨዋወቱ አንድ ቅሬታ ሳይነሳ አይቀርም። "ሳሉ እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ደረቴን እያመመኝ ብሄድ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ ብሎ መለሰኝ" ይላል አንዱ። ቅሬታው የሚያነጣጥረው በአገሩ አጠራር ሀውስአርትስ በሚባለው በቤተሰብ ሐኪሙ ላይ ነው። አገር ቤት ቢሆን እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይገባ የነበረ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ችላ የተባለ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ከዚያ አጭር መልስ ጀርባ የብዙ ዓመት ጥናት አለ። ጥናቱን የሠሩትም በአብዛኛው እንደዚያው ሐኪም በየሰፈሩ ክሊኒክ ተቀምጠው ሳል፣ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

በኔዘርላንድ፣ በብሪታንያ፣ በዴንማርክና በመሳሰሉት አገሮች ነዋሪው በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ይመዘገባል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ስፔሻሊስት ካስፈለገም ሪፈር የሚጽፍለት ያው ሐኪም ነው። የእናትየው ስኳር፣ የልጁ አስም፣ የአያትየው የልብ ድካም በአንድ ክሊኒክ መዝገብ ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆስፒታል የሚያየው በሽተኛውን በተኛባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነውና።

ሀብቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ መቆየቱን በቁጥር ያሳየው አሜሪካዊው ኬር ዋይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ላይ እንዳሰላው፣ ከ1,000 አዋቂዎች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 750ዎቹ አንድ ዓይነት ሕመም ይሰማቸዋል፤ 250ዎቹ ሐኪም ያማክራሉ፤ ሆስፒታል የሚተኙት 9 ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐኪሞች የሚማሩትና አብዛኛው ምርምር የሚካሄደው በዚያ አንድ ሰው ላይ ነበር። በእሱ ላይ የተገኘው እውቀት ለቀሩት 249 ይሠራ እንደሆነ ማንም በወጉ አልጠየቀም ነበር።

ከሰፈር ክሊኒክ ተነስቶ የመመራመሩን መንገድ ቀድመው የጀመሩ ግን አልጠፉም። ዊልያም ፒክልስ በሰሜን እንግሊዝ በዌንስሊዴል ሸለቆ፣ አይስጋርዝ በምትባል መንደር የሚሠራ የገጠር ሐኪም ነበር። በመንደሩ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ የትኛው ልጅ የት እንደሚማር፣ ማን ለማን ዘመድ እንደሆነ ያውቃል። በ1929 የጉበት በሽታ ወረርሽኝ ሲነሳ፣ ጠዋት አልጋ ላይ ታማ ያያት አንዲት የቤት ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ተነስታ የመንደሩ በዓል ላይ ተገኘች። ፒክልስ በበዓሉ ላይ የነበሩትን እየተከታተለ ማን ከስንት ቀን በኋላ እንደታመመ መዘገበ። በሽታው ከገባ በኋላ ሳይታወቅ የሚቆይበትን ጊዜ መለካት የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ፕሮፌሰር ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ መረጃው የነበረው ሰዎቹን በስማቸው በሚያውቅ ሐኪም ዘንድ ነውና። በ1939 የወጣው መጽሐፉ ዛሬም የመስኩ ሰዎች በክብር የሚያነሱት ሥራ ነው።

የአንድ ሐኪም መዝገብ ግን ወሰን አለው። በአንድ ክሊኒክ በዓመት የሚታየው የሳንባ ምች ጥቂት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ስለ መድኃኒት ጥቅም መናገር አይቻልም። ብዙ ክሊኒኮች፣ ቢቻል ብዙ አገሮች መተባበር አለባቸው። የአውሮፓ የቤተሰብ ሐኪሞች የምርምር ማኅበር በ1974 የተቋቋመው በዚህ መነሻ ነው፤ አባላቱ እስከ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ እየተገናኙ የጥናት እቅዶቻቸውን ይተቻቻሉ። የገንዘብ አቅም ያለው ትልቅ ሥራ የመጣው ግን የአውሮፓ ኅብረት ለምርምር በጀት መመደብ ከጀመረ በኋላ ነው። ከነዚህ ውስጥ በእኔ ግምት ብዙ ያስተማረው ግሬስ የተባለው ፕሮጀክት ነው። ማይክሮባዮሎጂስቱ ሄርማን ጎሰንስ ከአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ያስተባበሩት ሲሆን፣ በሰፈር ክሊኒኮች የተሠራውን ሥራ የመሩት ራሳቸው የቤተሰብ ሐኪም የሆኑ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ክሪስ በትለር፣ ፖል ሊትልና ቴዎ ፌርሄይ ከነሱ መካከል ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። ሳል ይዞት የመጣ አዋቂ ሰው በየአገሩ ምን ይታዘዝለታል? ከ2006 እስከ 2007 ባለው ክረምት በ13 አገሮች የሚገኙ 14 የክሊኒክ መረቦች 3,402 በሽተኞችን መዘገቡ። ከኖርዌይ ትሮምሶ እስከ ጣልያን ሚላን፣ ከዌልስ ካርዲፍ እስከ ሃንጋሪ ባላቶንፉረድ ሐኪሞቹ የሞሉት ተመሳሳይ ቅጽ ነው። ውጤቱ ሐኪሞቹን ራሳቸውን አስደነገጠ። በአንዱ መረብ አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸው 20 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ወደ 90 በመቶ ይጠጋሉ። የሕመሙ ክብደት፣ ዕድሜና ሌላ በሽታ ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። የማገገሚያው ፍጥነት ግን፣ አንቲባዮቲክ በወሰዱትም ባልወሰዱትም፣ ተመሳሳይ ነበር። አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መድኃኒት ያስፈልጋል የሚለው የተለመደ እምነትም ተፈተነ። ሐኪሞቹ እንዲህ ያለ አክታ ላላቸው በሽተኞች ደጋግመው አዝዘዋል፤ መድኃኒቱ ግን እነሱንም ቶሎ አላዳናቸውም።

ይህ በምልከታ የተገኘ ነው፤ የታዘዘላቸውና ያልታዘዘላቸው ከመጀመሪያውም የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ወደ ዕጣ ተገባ። በ12 አገሮች 2,061 አዋቂዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለሰባት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን፣ ግማሾቹ በመልክ ከእሱ የማይለይ ግን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ወሰዱ። ሐኪሙም በሽተኛውም የትኛው እንደደረሰ አያውቁም።

ሥራው በክሊኒኩ ውስጥ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ሐኪሙ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ውጭ ወረፋ አለ። ደረቱን ያዳምጣል፣ የሳንባ ምች እንደማይጠረጥር ያረጋግጣል፣ ከዚያ ስለ ጥናቱ ያስረዳል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቅጽ ይሞላል። በሽተኛው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በየቀኑ ሳሉን፣ አክታውን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ የእንቅልፉን መረበሽ ከ0 እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 0 ምንም አያስቸግርም ማለት ነው፣ 6 ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም። ሕመሙ ካልለቀቀው ምዝገባው እስከ 28 ቀን ይዘልቃል። ትልቁ መልስ የወጣው አልጋ አጠገብ በብዕር ከተጻፉት ከነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ነው።

መልሱ በ2013 ታተመ። ሕመሙ የጠናባቸው ቀናት ርዝመት በሁለቱ ቡድኖች መካከል አልተለያየም፤ 60 ዓመት ለሞላቸውም እንደዚያው። አዲስ ምልክት የታየባቸው ወይም የባሰባቸው አሞክሳሲሊን ከወሰዱት 15.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 19.3 በመቶ ነበሩ። አንድ ሰው እንዳይብስበት 30 ሰው መድኃኒቱን መውሰድ ነበረበት ማለት ነው። በአንጻሩ ከ21 ሰው አንዱ በመድኃኒቱ ምክንያት ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ያዘው። በዚህ ላይ ጀርሞች መድኃኒቱን እየለመዱ መሄዳቸው ሲጨመር፣ የሀውስአርትሱ አጭር መልስ ከየት እንደመጣ ይታያል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የማከብረው ሐኪሞቹ የራሳቸውን ድክመት ለመመርመር መድፈራቸውን ነው። በሌላው የግሬስ ጥናት ሳል ይዟቸው ለመጡ ከ2,800 ለሚበልጡ ሰዎች ራጅ ተነሳ። 140ዎቹ የሳንባ ምች ነበረባቸው። ሐኪሞቹ ከራጁ በፊት በምርመራ ብቻ የለዩት ከነዚህ ውስጥ 29 በመቶውን ነው። ስለዚህ "የሳንባ ምች የለብህም" የሚለው ቃል በጆሮ ማዳመጫ ብቻ መደገፍ የለበትም። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚታወቀው ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምርመራ የሳንባ ምችን ለመለየት እንደሚያግዝ ታወቀ። በስድስት አገሮች በሚገኙ 246 ክሊኒኮች የተሠራ ቀጣይ ጥናት ሐኪሞችን በኢንተርኔት አሠለጠነ። የሲአርፒን አጠቃቀም ከተማሩት ዘንድ የአንቲባዮቲክ ትእዛዝ 33 በመቶ ሲሆን ካልተማሩት ዘንድ 48 በመቶ ነበር። ከበሽተኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ከተማሩት ዘንድም 36 በመቶ ሲሆን ካልተማሩት ዘንድ 45 በመቶ ነበር። እኔን የገረመኝ ሁለተኛው ነው፤ በሽተኛው የሚፈራውን ጠይቆ ማዳመጥም ማዘዣ ለመቀነስ ይረዳል።

ሁልጊዜ ውጤቱ "አትስጡ" ብቻ አይደለም። ከ2016 እስከ 2018 በ15 አገሮች 3,266 የኢንፍሉዌንዛ ምልክት ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ኦሴልታሚቪር የተባለውን መድኃኒት ፈተሸ። በአማካይ ሰዎቹ አንድ ቀን ቀድመው አገገሙ፤ በዕድሜ ለገፉ፣ ሕመሙ ለጠናባቸውና ሌላ በሽታ ላለባቸው ግን ልዩነቱ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ደረሰ። እዚህ ማስመሰያ እንክብል አልነበረም፤ ሰዎቹ መድኃኒት መውሰዳቸውን ያውቃሉ፤ ይህም ውጤቱን በጥንቃቄ እንድናየው ያስገድዳል።

ከባዱ ነገር ሐኪሞቹን ማቆየት ነው። ጥናት ግዴታቸው አይደለም፤ የክሊኒኩ ወረፋ ሁልጊዜ ይቀድማል። ፕሮጀክት ከአምስት ዓመት በኋላ ሲዘጋ የሠለጠነው መረብ ይበተናል፤ አዲስ ወረርሽኝ ሲመጣ ከዜሮ ይጀመራል። ዩትሬክት ላይ የተመሠረተው ኢክሬድ የተባለ ድርጅት የተቋቋመው ሆስፒታሎችንና የቤተሰብ ሐኪሞችን በቋሚነት አስተሳስሮ ይህን ለማስቀረት ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። እነዚህ መልሶች የተገኙት የሳንባ ምች ባልተጠረጠረባቸው አዋቂዎች ላይ፣ ከባሰ ተመልሶ መምጣትና ራጅ መነሳት በሚቻልበት አገር ነው። የሳንባ ምች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና በሽታዎች አንዱ በሆነበት በኢትዮጵያ፣ ፈጥኖ የሚተነፍስ ሕፃን በእነዚህ ቁጥሮች አይመዘንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ የአገሩን ጥያቄ በአገሩ ጤና ጣቢያ የሚያጠኑ ሐኪሞች ከዚያ እንዲወጡ ከልብ እመኛለሁ።

ሁለተኛው አውሮፓ ያሉትን ይመለከታል። የፈቃድ ቅጹና ማስታወሻ ደብተሩ የሚታተሙት በአገሩ ቋንቋ ነው፤ ሞልቶ መመለስ የማይችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጥናቱ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ገና ደች ወይም ጀርመንኛ ያልለመደው ወገናችን ከሚታከምበት እውቀት ውስጥ የለበትም። የቤተሰብ ሐኪምዎ በጥናት እንዲሳተፉ ከጠየቀዎት አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሕክምናዎ ሳይጓደል እምቢ ማለትም፣ ከጀመሩ በኋላ ማቋረጥም መብትዎ ነው።