አደራ የከበደው እግር

በስፖርት ሥነ ልቦና የውድድር ጭንቀት የሚባለው፣ ስፖርተኛው የተደቀነበት ፈተና ከአቅሙ በላይ መስሎ ሲታየው በአካሉና በሐሳቡ ላይ የሚከሠተው ለውጥ ሲሆን፣ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ በዝቶ ልቡን ያፋጥነዋል፣ ትንፋሹን ያሳጥረዋል፣ ጡንቻውን ያከርረዋል፤ በልምምድ ብዛት ሳያስብበት ይሠራው የነበረውንም እንቅስቃሴ አንድ በአንድ እየተቆጣጠረ ሊሠራው ሲሞክር ይበላሽበታል። ይህ ሁኔታ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ወኔ ማጣት» ስለሚባል ጥፋቱ በስፖርተኛው ጠባይ ላይ ይወድቃል፤ እንደ ማንኛውም ክህሎት ሊሠለጥን የሚገባውም ነገር በነውር ተሸፍኖ ይቀራል።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በቴኒስ ነው፤ ተጫዋቹ ብቻውን ከመቆሙም በላይ በአንዱ ነጥብና በቀጣዩ መካከል እስከ 25 ሰከንድ፣ ሜዳ ሲቀያየር ደግሞ 90 ሰከንድ ስለሚሰጠው ያመለጠውን የሚቆጭበት፣ የሚመጣውንም የሚፈራበት ጊዜ አለውና። እ.ኤ.አ. በ1993 የዊምብልደን ፍጻሜ፣ የቼክ ሪፐብሊኳ ያና ኖቮትና ሽቴፊ ግራፍን በሦስተኛው ምድብ (ሴት) 4ለ1 እየመራች፣ 5ለ1 ለመድረስ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀራት ሁለቱንም የመክፈቻ ምቶቿን (ሰርቮቿን) አበላሸች፤ ከዚያ በኋላም አንድ ጌም እንኳ ሳታገኝ 6ለ4 ተሸነፈች። ዋንጫውን ያነሣችው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። የቴኒስ አሠልጣኞች መድኃኒት ያደረጉት ያንኑ የሚያስጨንቅ ክፍተት ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከሰርቭ በፊት ኳሷን ሁልጊዜ በእኩል ቁጥር እንዲያነጥር፣ ዓይኑን በራኬቱ ጅማት ላይ እንዲያሳርፍ፣ ሲተነፍስም ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን እንዲያረዝም ያስተምሩታል፤ ሐሳብ ወደ ውጤቱ እንዳይሸሽ በሚሠራ ትንሽ ሥራ ይታሰራል ማለት ነው።

የኢትዮጵያዋ ባሌ ግን የሯጭ አገር ናት፤ ሯጭ ደግሞ 25 ሰከንድ የለውም። የባሌዋ ከተማ ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ኦክሲጅን የሚሳሳበት ደጋ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ ስለሚያደርግ የአርሲና የባሌ ሯጮች ጉልበት ሲነገር ከፍታው ሳይነሣ አይቀርም። ከፍታው ስለ ጭንቀት የሚያስተምረው ነገር ግን የለም።

የባሌ ተወላጁ ኢብራሂም ጄይላን እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ለዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ሲሰለፍ፣ ርቀቱን 4 ጊዜ ያሸነፈው ቀነኒሳ በቀለ ውድድሩን አቋርጦ በመውጣቱ አደራው በቀሩት የኢትዮጵያ ሯጮች ላይ ወደቀ። እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ በመጨረሻው ዙር አካባቢ አፈትልኮ ሲወጣ የብዙዎች ግምት ወርቁን ለእርሱ ሰጥቶ ነበር፤ ኢብራሂም ግን ልዩነቱን ቀስ በቀስ አጥብቦ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ቀደመውና በ27:13.81 ገባ፣ ፋራህም በ27:14.07 ተከተለው። በልቡ የነበረውን ማንም አያውቅም፤ ከሩቅ ለሚያየው ግን በዚያ ዕለት ትልቁ ስም ፋራህ፣ ብዙ የሚያጣውም ፋራህ ነበር፣ አሳዳጁም የሚያስበው ከፊቱ ያለውን ጀርባ ብቻ ይመስል ነበር።

የጎረቤቲቱ የአርሲ ከተማ የአሰላ ልጅ ለሜቻ ግርማ ታሪክ በተቃራኒው ይነበባል። በ3,000 ሜትር መሰናክል እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ወርቁን ያጣው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ሲሆን፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በዩጂንና በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮናዎችም ብር አገኘ፤ በሰኔ 2023 በፓሪስ 7:52.11 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2024 ኦሊምፒክ ግን በዚያው ከተማ በመጨረሻው ዙር መሰናክል ጠልፎት ወደቀና በቃሬዛ ተወሰደ። ውድቀቱን በጭንቀት ማሳበብ ያለ ማስረጃ መፍረድ ይሆናል፤ አራት ብር ያገኘን ወጣት ግን «ዕድል የለውም» እያሉ በየውድድሩ ማስታወስ ራሱ ጫና መሆኑ አያከራክርም።

ጫናው የሚጀምረው ከኦሊምፒኩ በፊት ነው። በአንድ ርቀት ከአንድ አገር የሚሰለፉት 3 ብቻ ስለሆኑ በማጣሪያው ያለው ፉክክር ብርቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔዘርላንድስ ሄንግሎ በተደረገው የኢትዮጵያ ማጣሪያ ለተሰንበት ግደይ 10,000 ሜትሩን በ29:01.03 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ክብረ ወሰን የሚሰበርበት ማጣሪያ በራሱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አራተኛ የሚወጣው ያውቀዋል። ለብዙ የደጋ ቤተሰብ አንድ ጥሩ ውድድር ቤትና የታናናሾች ትምህርት ቤት ክፍያ በመሆኑ፣ ሯጩ መነሻው ላይ የሚቆመው የባንዲራውንም የቤተሰቡንም አደራ ተሸክሞ ነው። ቴኒስ ተጫዋች በክፍተቱ የሚሠራውን ሯጩ በየዙሩ ሊያደርገው ይችላል፦ ለእያንዳንዱ 400 ሜትር አስቀድሞ አንድ ሥራ መድቦ፣ በአንደኛው ትከሻን ማላላት፣ በሌላው ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማስማማት፣ በሌላው ደግሞ ከፊት ያለውን ሯጭ መከተል።

ይህን ማስተማር የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ጥንድ የመሮጫ ጫማ አይበልጥም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉም በጎባ አለ፤ የባሌ ዞን የስፖርት ኃላፊዎች ከሁለቱ አንድ ባለሙያ ለምነው በሳምንት አንድ ቀን ከወጣት ሯጮች ጋር ቢያስቀምጡት፣ ለሚቀጥለው ማጣሪያ ይደርሳል።