ዳፍንት ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን ሲመሽ ማየት የሚሳነውን ሰው ዳፍንት ያዘው እንላለን፤ ጉበት ይብላ ብለንም እንመክረዋለን። ምክሩ መሠረት አለው። ጉበት ቫይታሚን ኤ በብዛት ስለሚገኝበት፣ በዚሁ ቫይታሚን እጥረት የመጣውን ዳፍንት ያሽራል። ነገር ግን ጉበት የማያሽረው ሌላ ዳፍንት አለ። ይኸውም በዘር የሚተላለፈው ሬቲናይትስ ፒግመንቶዛ ነው። በዓለም ላይ በግምት ከ4,000 ሰዎች አንዱን ይይዛል።

ሬቲና ማለት ከዓይን ኳስ በስተኋላ በውስጥ በኩል የተለበጠ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። በላዩ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ይገኛሉ። ዘንግ መሰሎቹ በድንግዝግዝ ለማየት፣ ሾጣጣዎቹ ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን ለመለየት ያገለግላሉ። በሽታው አስቀድሞ የሚያጠቃው ዘንግ መሰሎቹን ነው። የምልክቶቹ ቅደም ተከተልም ከዚህ ይመነጫል።

አንደኛ፣ ዳፍንቱ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የጎን እይታ እየጠበበ ይሄዳል። በሽተኛው በርጩማ ያደናቅፈዋል፣ ከጎኑ ከሚያልፍ ሰው ጋር ይጋጫል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን መጽሐፍ ግን አጥርቶ ያነባል። ስለዚህም ሰው ዝንጉ ነው፣ ኩራተኛ ነው እያለ ያማዋል። ሦስተኛ፣ በመጨረሻ የመሐል እይታም ሊደክም ይችላል።

ሐኪሙ በኦፍታልሞስኮፕ ሲመረምር ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ በሬቲናው ዳርቻ የተበተነ የአጥንት ስንጣሪ የሚመስል ጥቁር ቀለም፣ የቀጠኑ የደም ሥሮች፣ እንደ ሰም የገረጣ የዓይን ነርቭ ጫፍ። ቀለሙ ገና ሳይታይ እንኳ ኤሌክትሮሬቲኖግራም የተባለው ምርመራ ጉዳቱን ሊያሳይ ይችላል። በአንጻሩ የዓይን ነጩ ክፍል ደርቆ አረፋ መሰል ነጠብጣብ ከታየበት የቫይታሚን ኤ እጥረትን ያመለክታል። ከዳፍንቱ ጋር የመስማት ችግር ካለ ደግሞ ኡሸር ሲንድሮም መጠርጠር አለበት።

በሽታው ከአንድ ወላጅ ብቻ ሊወረስ ይችላል። ጤነኛ የሚመስሉ ሁለት ወላጆች የተበላሸውን ጂን ተሸክመው ከተገኙም በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ በብዙ ቦታ እንደሚደረገው የአጎት ልጆች ሲጋቡ ይህ ዓይነቱ አደጋ ከፍ ይላል። ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የጂን ሕክምና ተፈቅዷል፤ የሚያገለግለው ግን አርፒኢ 65 የተባለው ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ምርመራው ለሌሎቹም ከንቱ አይደለም። ከበሽታው ጋር የሚመጣው የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በሽተኛውም ሌሊት መኪና ከመንዳት ይቆጠባል፤ ትምህርቱንና ሥራውን አስቀድሞ ያቅዳል።

ስለዚህ ለእረፍት ወደ አገር ስንገባ ዳፍንት ያለበት ዘመድ ብናገኝ፣ ጉበቱን አንከልክለው፤ ነገር ግን ወደ ዓይን ሐኪም እንውሰደው። ወንድሞቹና እኅቶቹም አብረው ይታዩ።